ልጄን ሳልጠይቅ ስለ ልጄ ተከራከርሁ

የአንድ ልጅ እናት (ጥያቄ አቅራቢ)

ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ 15 ዓመቱ ነው። ከትንሽነቱ ጀምሮ ሲናገር ይንተባተባል። ቤት ውስጥ ይህን እንደ ትልቅ ጉዳይ አንሥተነው አናውቅም፤ አንደበቱ ሲይዘው ጥቂት ቆም ይልና ቃሉን አሳልፎ ወሬውን ይቀጥላል። ባለፈው ወር የክፍል ጓደኛው እናት አንድ ነገር ነገረችኝ። የቋንቋ መምህሩ ልጄን አስነሥቶ ምንባብ ሲያስነብበው አንድ ቃል ላይ ቢቆይ፣ «በዚህ ዓይነት ደወሉ ይቀድመናል» ብሎ አስቀመጠው፤ ክፍሉም ሳቀ። ልጄ ግን ስለዚህ ነገር አንዲት ቃል አልተነፈሰልኝም ነበር።

በማግሥቱ ሥራዬን ጥዬ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድሁ። ርእሰ መምህሩ ቢሮ ገብቼ ድምፄን ከፍ አድርጌ ተናገርሁ፤ መምህሩም ተጠርቶ በፊቴ ተወቀሰ። እውነቱን ለመናገር ከዚያ ስወጣ ኮርቼ ነበር። አሁን ግን መምህሩ ልጄን ጨርሶ አይጠይቀውም። የንባብ ተራ ሲዞር ከፊቱ ያለውን ልጅ ያስነብብና እሱን ዘልሎ ከኋላው ወዳለው ያልፋል። እናቱ መጥታ እንደ ጮኸችም ክፍሉ በሙሉ ሰምቷል። ልጄ ሦስት ቀን ዘግቶኝ ከቆየ በኋላ ያለኝ ይህን ብቻ ነው፦ «ቀድሞ ይስቁብኝ ነበር፤ አሁን ጭራሽ የለሁም።»

ዝም ብዬ መቀመጥ ነበረብኝ? ለዚህ ዕድሜ ልጅ ጥብቅና የሚቆመውስ እንዴት ነው?


የትምህርት ቤት አማካሪ

እህቴ፣ በመሄድዎ አይጸጸቱ። የጎደለው ከመሄድዎ በፊት ከልጅዎ ጋር ሊደረግ የሚገባው ንግግር ነው፤ እሱም ቢሆን አሁንም ሊደረግ ይችላል።

ከአፍላ ወጣቶች ጋር ስሠራ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። አንድ ልጅ ችግሩን ሲያካፍለኝ፣ ወይም እንደ እርስዎ ከሌላ ሰው ስሰማ፣ ልጁን አስቀድሜ የምጠይቀው ነገር አለ፦ «እንድሰማህ ብቻ ነው የምትፈልገው፣ አብረን መላ እንድንፈልግ ነው፣ ወይስ አንድ ነገር እንዳደርግልህ?» እኛ አዋቂዎች ሳንጠየቅ ወደ ሦስተኛው እንዘላለን። ልጆቹ ደግሞ በአብዛኛው የመጀመሪያውን ፈልገው ነው የመጡት፤ ከተሰሙ በኋላ ሁለተኛውን ራሳቸው ያነሡታል። ሦስተኛው ላይ ከተደረሰም ማን እንደሚናገር፣ ለማን እንደሚነገር፣ ምን እንደሚጠየቅና ማን እንዳይሰማ እንደሚፈለግ ከልጁ ጋር መስማማት ያስፈልጋል። በእርስዎ ጉዳይ የመጨረሻው ነጥብ ብቻ ቢጠየቅ ኖሮ፣ ልጅዎ «ክፍሉ እንዳይሰማ» ይልዎት ነበር ብዬ እገምታለሁ።

ይህ የአማካሪዎች ምክር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1989 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ያጸደቀው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 12፣ የራሱን ሐሳብ መመሥረት የሚችል ልጅ በሚመለከቱት ጉዳዮች ሁሉ ሐሳቡን በነፃነት የመግለጽ መብት እንዳለው፣ ሐሳቡም እንደ ዕድሜውና እንደ ብስለቱ ክብደት ሊሰጠው እንደሚገባ ይደነግጋል። ስምምነቱ በመርህ ደረጃ ከ18 ዓመት በታች ያለውን ሁሉ ስለሚጨምር የእርስዎንም ልጅ ይመለከታል። ሮጀር ሃርት የተባለው ምሁር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1992 ለዩኒሴፍ ባዘጋጀው ጽሑፍ የልጆችን ተሳትፎ ስምንት እርከን ባለው መሰላል መስሎ አሳይቷል፤ ታች ያሉትን ሦስት እርከኖች፣ ማለትም ልጆችን መጠቀሚያ ማድረግን፣ ለጌጥ ማቅረብንና ለይስሙላ ማሳተፍን፣ ተሳትፎ ብሎ አይቆጥራቸውም። ልጅዎ በዚያ ቀን ለይስሙላ እንኳ አልተጠራም፤ መሰላሉ እግር ሥር ነበር ማለት ይቻላል።


አባወራ

ይቅርታ ይደረግልኝና እኔ በዚህ አልስማማም። አባቶቻችን «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ልጄ መንገድ ላይ ቢደበደብ፣ የመታውን ሰው ከማስቆሜ በፊት «ልጄ ሆይ፣ እንዳስቆመው ትፈቅዳለህ?» ብዬ ልጠይቅ ነው? ደግሞስ የአእምሮ የፊተኛው ክፍል፣ ማለትም አርቆ ለማሰብና ስሜትን ለመግታት የሚያገለግለው፣ እስከ 20ዎቹ አጋማሽ ድረስ እየበሰለ እንደሚቀጥል የምትነግሩን እናንተው ባለሙያዎቹ ናችሁ። ገና ያልበሰለ ከሆነ ውሳኔውን ለምን እሱ ላይ እንጥላለን? ይህች እናት ያደረገችውን እኔም ባደርገው አላፍርበትም።


የወጣቶች ክሊኒክ ነርስ

አባወራ ያነሡት የድብደባ ምሳሌ ልክ ነው፤ ነገር ግን ከዚህ ጉዳይ ጋር አንድ አይደለም። ሕይወት ወይም አካል አደጋ ላይ ሲወድቅ ፈቃድ አይጠየቅም። አንድ ልጅ በቤትም ሆነ ከቤት ውጭ እየተደበደበ ከሆነ፣ ፆታዊ ጥቃት እየደረሰበት ከሆነ ወይም ራሱን ስለ ማጥፋት እያሰበ ከሆነ፣ የሰማው አዋቂ ለብቻው ይዞት ሊያድር አይገባም። መምህር ሲያዋርድ ግን ያማል እንጂ ዛሬ ማታ ካልደረስንበት የሚያመልጥ ነገር አይደለም። አንድ ቀን አድሮ፣ ልጁን ጠይቆ መሄድ ይቻላል።

በሥራዬ ያየሁት ከባዱ ስሕተት ምሥጢር መጠበቅን ያለ ገደብ መማል ነው። «ለማንም አልናገርም» ብሎ ምሎ፣ ልጁ ከባዱን ነገር ሲያወጣ የሚደነግጥና በማግሥቱ ለሦስት ሰው የሚናገር አዋቂ አይቻለሁ። እኔ ለማንኛውም ልጅ ገና ወሬው ሳይጀመር የምነግረው ይህን ነው፦ «የምትነግሪኝን ሁሉ እይዛለሁ፤ ሕይወትሽን አደጋ ላይ የሚጥል ነገር ከሰማሁ ግን ለሌላ ሰው መንገር ግዴታዬ ነው። ያን ጊዜም መጀመሪያ ለአንቺ ነግሬሽ፣ ለማንና እንዴት እንደምንናገር አብረን እንወስናለን።» ይህን ሰምተው አፋቸውን የሚዘጉ ጥቂቶች ናቸው።

ከዚህ ጋር አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ወላጆች ሲፈሩት ስለማይ ነው። ልጃችሁ ተስፋ የቆረጠ ከመሰላችሁ «ራስህን ስለ ማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» ብላችሁ በቀጥታ ጠይቁት። ጥያቄው ሐሳቡን ልጁ አእምሮ ውስጥ አይተክልም፤ እንዲያውም ብዙዎቹ የሚጠይቃቸው ሰው በማግኘታቸው እፎይ ይላሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው ከአእምሮ ጤና ችግሮች ሲሶ ያህሉ የሚጀምሩት ከ14 ዓመት በፊት፣ ግማሽ ያህሉ ደግሞ ከ18 ዓመት በፊት ሲሆን፣ አብዛኞቹም ሳይታወቁና ሳይታከሙ ያልፋሉ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እንላለን፤ ልጆቹ ግን የሚደብቁት ብዙ ጊዜ የጠየቃቸው ስለ ሌለ ነው።


የትምህርት ቤት አማካሪ

ስለ አእምሮ ብስለት ለተነሣው ነጥብ አጭር መልስ ልስጥ። አባወራ የጠቀሱት እውነት ነው፤ ግን ግማሹ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ፣ በ11 አገሮች ከ10 እስከ 30 ዓመት የሆኑ ከ5,000 በላይ ሰዎችን ያጠቃለለ ጥናት ሁለት ነገር ለይቶ አሳይቷል። በእርጋታ፣ ጊዜ ወስዶ የማሰብ ችሎታ በ16 ዓመት ገደማ ከአዋቂዎች ጋር ይስተካከላል፤ ስሜት ሲግልና እኩዮች አጠገብ ሲኖሩ ራስን መግታት ግን እስከ 18 ዓመትና ከዚያም በኋላ ድረስ እየበሰለ ይሄዳል። ስለዚህ የ15 ዓመት ልጅ በክፍሉ ልጆች ፊት፣ እንባው እየተናነቀው እንዲወስን አይጠየቅም፤ ማታ ቤቱ ተቀምጦ «ምን ይሻላል?» ቢባል ግን የሚሰጠው መልስ ከእኛ የሚያንስ አይደለም። እህታችን ርእሰ መምህሩ ቢሮ በገባችበት ሰዓት ከሁለቱ ማን የበለጠ ስሜታዊ እንደ ነበረ እሷው ትፍረድ።


አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው

በዚህ ውይይት ውስጥ ያለሁት ልጅ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም፤ ስለዚህ በትሕትና አንድ ነገር ልናገር። የልጅዎን ንግግር ሳነብ የራሴን ታሪክ አስታወስኩ። የእኔ ጉዳይ የንግግር ችግር አልነበረም፤ ዝርዝሩን ልተወው። አባቴ እኔን ለመርዳት ብሎ ለአጎቶቼ፣ ለመምህሬና ለጎረቤት ሁሉ ነገረ። ሁሉም አዘነልኝ፤ ሁሉም መከረኝ። ከዚያ በኋላ ሰው ሲያየኝ የሚያየው ያንን ችግር ሆነ። «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» የሚባለውን ተረት ለእኛ ለልጆች ትነግሩናላችሁ፤ ለአዋቂዎችም የሚሠራ ይመስለኛል።

እኛ ዝም የምንለው ስለማናምናችሁ ብቻ አይደለም። ከነገርናችሁ በኋላ ነገሩ ከእጃችን እንደሚወጣ ስለምናውቅ ነው። ለምሳሌ ስልክ ላይ የሚሰድበኝ ሰው እንዳለ ብናገር፣ የሚቀማው የእኔ ስልክ ነው። በእኔ ጉዳይ የረዳችኝ አንዲት መምህርት ናት። ከትምህርት በኋላ ወንበር ስናስተካክል፣ ሳታየኝ፣ እየሠራች «የሆነ ነገር ካለ እዚህ ነኝ፤ ከሌለም ደህና» አለችኝ። ፊት ለፊት አስቀምጣኝ ቢሆን ኖሮ አልናገርም ነበር። የነገርኳት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው፤ በእነዚያ ሁለት ሳምንታት አንድም ቀን አልጠየቀችኝም።

ለእናቱ የምለው፦ ይቅርታ ይጠይቁት። ግን «ላንተ ብዬ ነው እኮ» የሚለውን ሐረግ ይተዉት። እሱን ያውቀዋል።


የሒሳብ መምህር

እኔ ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ የተቀመጥሁ ሰው ነኝና ነገሩ ከዚያ ወገን ምን እንደሚመስል ልናገር። አንድ ወላጅ ተቆጥቶ ሲገባ መምህሩ የሚሰማው ቁጣውን ነው፤ ጥያቄው ከቁጣው ውስጥ ተለይቶ አይወጣለትም። በአለቃው ፊት ከተወቀሰ ደግሞ ቀጥሎ የሚያስበው ስለ ልጁ ሳይሆን እንደገና እንዳይወቀስ ነው። ልጁን መዝለል የመጣው ከዚያ ነው። አሳፋሪ ነው፤ እኔም አንዲት ተማሪን በዚሁ መንገድ ለአንድ መንፈቅ ዓመት ዘልያት ስለማውቅ ነው የምናገረው። «እንዳላስቸግራት» እያልሁ ራሴን አታልል ነበር።

የሚሠራው አቤቱታ አጭር ነው። መቼ፣ በየትኛው ክፍለ ጊዜ፣ ምን ተባለ የሚለው በተባለበት ቃል ይጻፍ፤ «ልጄን ይጠላዋል» የሚል ፍርድ አይጨመርበት። ቀጥሎ አንድ ተጨባጭ ጥያቄ ይቅረብ። «ክብሩ ይጠበቅ» ከሚለው ይልቅ «የንባብ ተራው የትኛው ቀን እንደሆነ አስቀድሞ ይነገረው» የሚለው ይሻላል፤ ምክንያቱም የመጀመሪያውን ማንም እሺ ይላል፣ መፈጸሙን ግን ማንም ሊያረጋግጥ አይችልም። ቀላል ጉዳይ ከሆነ ከርእሰ መምህሩ በፊት መምህሩ ራሱ ይነገረው። በመጨረሻም «ከሦስት ሳምንት በኋላ ተገናኝተን እንየው» ተብሎ ቀን ይቆረጥ። ቀን ያልተቆረጠለት ስምምነት እኛ ዘንድ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ።

ልጁ በስብሰባው ላይ ይገኝ። ልጁ ተቀምጦ ሳለ ስለ እሱ በሦስተኛ መደብ መናገር ይከብዳል፤ መክበዱ ጥሩ ነው።


እኔም እንተባተባለሁ

40 ዓመት አልፎኛል፤ እንደ ልጅዎ ነኝ። ስለ መንተባተብ ጥቂት ልበል፣ ምክንያቱም ጥያቄው ምን መሆን እንዳለበት የሚወስነው እሱ ነው። መንተባተብ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 5 ዓመት ባለው ዕድሜ የሚጀምር፣ በዘር ሊተላለፍ የሚችል የንግግር ሁኔታ ነው፤ ከፍርሃት ወይም ከአስተዳደግ ጉድለት አይመጣም፣ ጭንቀት ግን ያባብሰዋል። «ተረጋጋ፣ ተንፍስ፣ ቀስ በል» ማለት አይረዳም። ከሌላ ሰው ጋር በአንድ ድምፅ ሲነበብ አብዛኞቻችን አንንተባተብም፤ ስለዚህ ከጓደኛ ጋር አብሮ ማንበብ አንድ መላ ነው። መጀመሪያ ላይ ማንበብም ተራን እየጠበቁ ከመጨነቅ ያድናል። ይህ ግን የእኔ ምርጫ ነው፤ ልጅዎ ሌላ ሊመርጥ ይችላል።

ከሁሉ በላይ የሚያቆስለን የሰው ሳቅ አይደለም፤ ደግ ሰዎች ናቸው። ቃል ሲይዘን አዝነው ቃሉን ይሞሉልናል። ብዙ ጊዜም የሚሞሉት ልንለው ያላሰብነውን ቃል ነው፤ እኛም ደክሞን «አዎ» እንላለን። እህቴ ሆይ፣ እርስዎ በዚያ ቢሮ ያደረጉት ይህንኑ መሰለኝ።


አባወራ

የመጨረሻዋን አንቀጽ ሁለት ጊዜ አነበብኋት። ይሁን፣ ጠይቀን እንሂድ። ግን አንድ ጥያቄ አለኝ፣ ማንም አልመለሰውም። የእኔ ልጅ ሁልጊዜ መልሱ «ተወው» ነው። ጫማው ቢቀደድም «ተወው»፣ ቢሰደብም «ተወው»። እሺ ብዬ ልተወው? ደግሞ ካልተናገረ በምን አውቃለሁ? ስልኩን ልፈትሽ?


የትምህርት ቤት አማካሪ

በጣም ትክክለኛ ጥያቄ ነው። «ተወው» አንድ ቃል ይምሰል እንጂ ብዙ ነው። አንዳንዴ «አታዋርደኝ»፣ አንዳንዴ «ሞክሬው አልሠራም»፣ አንዳንዴ «አሁን አይደለም»፣ አንዳንዴም በእርግጥ «ቀላል ነው፣ እኔ እጨርሰዋለሁ» ማለት ነው። ስለዚህ «እሺ» ብሎ መተውም፣ «አልተውም» ብሎ መነሣትም ቶሎ ነው። እኔ የምለው «ብናገር ምን ይመጣብኛል ብለህ ነው የፈራኸው?» ነው። ፍርሃቱ ብዙ ጊዜ ተጨባጭ ነው፤ መላም ይገኝለታል። ካልሆነም ጊዜ እንቆርጣለን፦ «ሁለት ሳምንት አንተ ሞክረው፤ ካልተሻለ አብረን እንሄዳለን።»

የልጁን ስም ሳያነሡ ጥብቅና የሚቆምበት መንገድም አለ። በወላጆች ስብሰባ ላይ «ማንኛውም ተማሪ ሳይዘጋጅ ጮክ ብሎ እንዲያነብ ባይገደድስ?» ብሎ ሐሳብ ማቅረብ ይቻላል። ደንቡ ሲለወጥ ስማቸውን የማናውቃቸው፣ እናታቸው ልትመጣላቸው የማትችል ልጆችም ይጠቀማሉ።

ስለ ስልኩ፦ እ.ኤ.አ. በ2000 በስዊድን የ14 ዓመት ልጆችና ወላጆቻቸው ላይ የተሠራ የታወቀ ጥናት አለ። ወላጆች ስለ ልጆቻቸው የሚያውቁት ነገር በዋናነት ከየት እንደ መጣ ሲታይ፣ ከቁጥጥርና ከምርመራ ይልቅ ልጆቹ በገዛ ፈቃዳቸው ከነገሯቸው ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ጥያቄውን «እንዴት ልወቅ?» ከማለት «ሲነግረኝ ምን አደርጋለሁ?» ወደሚለው ቢመልሱት ይሻላል። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው ያለው ወጣት መልሱን ሰጥቶዎታል፤ ስልኩ የሚቀማ ልጅ ሁለተኛ አይናገርም።


ልጅ የሌላት አክስት

ወላጆች ላልሆንን አንድ ቃል ልጨምር። በሃዋይ በካዋይ ደሴት እ.ኤ.አ. በ1955 የተወለዱ 698 ልጆችን ለአሥርተ ዓመታት የተከታተለ የኤሚ ወርነርና የባልደረቦቿ ጥናት አለ። በድህነት፣ በቤተሰብ ጠብና በመሰል ችግር ውስጥ ካደጉት መካከል አንድ ሦስተኛ የሚሆኑት ደህና ሰው ሆነው አድገዋል። ከረዷቸው ነገሮች አንዱ ቢያንስ ከአንድ የሚያስብላቸው አዋቂ ጋር የነበራቸው የጠበቀ ግንኙነት ነው፤ ያ ሰው አያት፣ አክስት፣ መምህር ወይም ጎረቤት ሊሆን ይችላል። እህቴ፣ ልጅዎ አሁን ለእርስዎ የማይናገረውን ለሌላ አዋቂ ቢናገር አይቀየሙ። የወንድሜ ልጅ ለእኔ ብዙ ይነግረኛል፤ ወንድሜም ምን እንዳለኝ አይጠይቀኝም። ያ አለመጠየቁ ለልጁ ያደረገለት ትልቅ ነገር ይመስለኛል።


የአንድ ልጅ እናት (ጥያቄ አቅራቢ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አሥር ቀን ስለ ጠፋሁ ይቅርታ፤ ያደረግሁትን አድርጌ ልመለስ ብዬ ነው።

ይቅርታ ጠየቅሁት። «ላንተ ብዬ ነው» ልል አፌ ላይ ደርሶ መለስሁት። መጀመሪያ ምንም አላለም። በአራተኛው ቀን አብረን ልብስ ስናጣጥፍ «መምህሩ እንዲያስነብበኝ ነው የምፈልገው» አለኝ። እኔ ከንባብ ላስቀረው ነበር፤ እሱ የፈለገው ተራው እንዲመለስለት ነው። የትኛውን ቀን እንደሚያነብ አስቀድሞ እንዲያውቅ፣ ቃል ሲይዘውም መምህሩ እንዲጠብቀው። ከጓደኛ ጋር አብሮ ማንበቡን ሳነሣበት ሳቀና «እሱ ለሕፃናት ነው» አለ፤ ስለዚህ ያ ሐሳብ ቀረ።

ደብዳቤውን እሱ ጻፈው፤ ስድስት መስመር ነው። እኔ የፊደል ግድፈት ብቻ አረምሁ፣ እሱንም አስፈቅጄ። ከመምህሩ ጋር ሦስታችን ብቻ ተቀመጥን። መምህሩን አስቀድሜ በአለቃው ፊት ስላዋረድሁት ይቅርታ ጠየቅሁት፤ እሱም ስለ ደወሉ የተናገረውን ለልጄ አንሥቶ ይቅርታ ጠየቀ፣ ይህን አልጠበቅሁም ነበር። ከዚያ «ቃል ሲይዘው ስንት ያህል ልጠብቀው?» ብሎ ጠየቀ። የጠየቀው እኔን እያየ ነው። መልሱን አውቀው ነበር፤ እጄን ከጠረጴዛው በታች አጣምሬ ያዝሁ። ልጄ ጀመረ፣ ሦስተኛው ቃል ላይ ቆመ። ክፍሉ ውስጥ የሰዓቱ ድምፅ ይሰማ ነበር። ማናችንም አልሞላንለትም። ከዚያ ጨረሰው፦ «እስክጨርስ» አለ።


አባወራ

ቀን ቆርጣችኋል?


የአንድ ልጅ እናት (ጥያቄ አቅራቢ)

ቆርጠናል፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። የመጀመሪያው የንባብ ተራው ግን ማክሰኞ ነው። እንዴት እንደ ሆነ እንዳልጠይቀው አስጠንቅቆኛል።